«ወላጅ አምጣ» ሲባል፦ ከልጃችሁ መምህር ጋር ስትጋጩ ከየት ትጀምራላችሁ?

በእኛ ጊዜ «ወላጅ ይዘህ ና» ማለት የፍርድ ቤት መጥሪያ ነበር። አባቱን የሚፈራ ልጅ ከአጥሩ ውጭ አንድ ሥራ የፈታ ጎረምሳ ይፈልግና «አጎቴ ነው» ብሎ ይዞት ይገባል። የኪራዩ ዋጋ ሻይ በብስኩት ነው። አንዳንዱ የኪራይ አጎት ደግሞ ትወናው ይጥመውና እዚያው ዲሬክተሩ ፊት ልጁን በጥፊ ያጮለዋል። ከፍሎ መመታት ይሏል ይኸ ነው።

ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። ወላጅ ሳይጠራ ይሄዳል። ከመሄዱ በፊት ደግሞ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጽፏል፣ ለዲሬክተሩ ደውሏል፣ ለጎረቤት አውርቷል።

እኔ ዘጠኝ ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ። አሁን የሁለት ተማሪዎች ወላጅ ነኝ። ተከስሼም ከስሼም አውቃለሁ ማለት ነው። በሁለቱም ወገን ቆሜ ያየሁት አንድ ነገር ነው። ጸቡን የሚያከርረው ብዙ ጊዜ መምህሩ ቅሬታውን ከማን አፍ ሰማው የሚለው ነው። ከእናንተ ከሰማው ጉዳይ ይሆናል። ከአለቃው ከሰማው ክስ ይሆናል። ከሌሎች ወላጆች ከሰማው ስም ማጥፋት ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ ለራሱ ንገሩት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህንን እንዴት ማድረግ እንደሚቻል ነው። የማይሠራበት አንድ ጉዳይ አለ፤ እሱንም በቦታው እነግራችኋለሁ።

1. ልጁን እስከ መጨረሻው ስሙት

ልጅ አኩርፎ ከትምህርት ቤት ሲመጣ የሚናገረው የመጀመሪያው ነገር አጭር ነው። «ቲቸር ትጠላኛለች።» «ሚስ ያለ ጥፋቴ አስወጣችኝ።» እዚህ ላይ ስልክ አታንሱ። የሰማችሁት የታሪኩን ጅራት ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው የሚባለው።

«ለምን?» ብላችሁ አትጀምሩ። «ለምን አስወጣችህ?» ሲባል ልጅ ለራሱ ጥብቅና መቆም ይጀምራል። ይልቅ «ከዚያ በፊት ምን እያደረጋችሁ ነበር?» በሉት። «ስንተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ነው?» «አጠገብህ ማን ተቀምጦ ነበር?» «ቲቸር ምን አለች? ልክ እሷ እንዳለችው ንገረኝ።» እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ልጁን አያስፈራውም። ታሪኩ በራሱ ይዘረገፋል።

ትንሹ ልጄ ሦስተኛ ክፍል እያለ «ሚስ ደብተሬን ቀደደችው» ብሎ እያለቀሰ ገባ። ደሜ ፈላ። ጫማዬን ለማጥለቅ ትንሽ ነበር የቀረኝ። እንደ ምንም ብዬ አራት ጥያቄ ጠየቅሁት። ለካስ የሳይንስ ደብተሩ የኋላ ገጽ ላይ የአርሰናልን አሰላለፍ እየሠራ ተይዟል። ሚስ «ይህን ገጽ አውጣው» ብላዋለች። ቀዳጁ ራሱ ነው። በተቆጣሁበት ሰዓት ደውዬ ቢሆን ኖሮ ከዚያች መምህርት ጋር ዓመቱን ሙሉ ዓይን ለዓይን መተያየት አንችልም ነበር።

እውነቱ ከወጣ በኋላ ልጁን «ውሸታም» አትበሉት። የእሱ አመለካከት ነው፤ በእሱ ቁመት ነገሩ እንደዚያ ነው የታየው። አሁን ካሸማቀቃችሁት፣ በእርግጥ የከፋ ነገር ሲደርስበት ዝም ይላል። እንዲሁም ልጁ እየሰማ መምህሩን አትሳደቡ። «እሷ ደግሞ ምን ታውቃለች» ያላችሁትን ነገር ነገ ጠዋት ፊቷ ላይ ይዞት ይሄዳል። እዚያ ክፍል ውስጥ የሚቀመጠው እሱ እንጂ እናንተ አይደላችሁም።

ከዚያ ነገሩን አንድ ሌሊት አሳድሩት።

2. ወረቀቱን ሁሉ አውጡና ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት

የክፍል ሥራ ደብተር፣ የቤት ሥራ ደብተር፣ የተመለሱ ፈተናዎች፣ ኮሙኒኬሽን ቡክ። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጉድ ይዟል። ብዙ ቤት ውስጥ የሚፈርመው ወላጅ ሳይሆን ታላቅ እህት ወይም ሞግዚት ናት። መምህሩ ለሦስት ሳምንት «የቤት ሥራ አልሠራም» እያለ ሲጽፍ ኖሯል፣ ፊርማም አለው፣ እናንተ ግን አላያችሁትም። እንዲህ ከሆነ የምትሄዱት ልትከሱ ሳይሆን ይቅርታ ልትጠይቁ ነው። ቀድሞ ማወቁ ይሻላል።

ጭቅጭቁ ስለ ውጤት ከሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ምክንያቱም ከወላጅ ጋር የሚያጋጨው ዋናው ይህ ነው፤ ብዙ ወላጅ ደግሞ ማርክ እንዴት እንደሚሞላ አያውቅም።

ካርድ ላይ ያለችው አንዲት ቁጥር ከብዙ ትንንሽ ቁጥሮች የተለቀመች ናት። ክዊዝ አለ፣ አሳይመንት አለ፣ የክፍል ተሳትፎ አለ፣ ሚድ አለ፣ ፋይናል አለ። አንድ የሒሳብ መምህር አምስት ሴክሽን ቢይዝና በየሴክሽኑ ሃምሳ ልጅ ቢኖር 250 ተማሪ ነው። ለእያንዳንዱ ስድስት ውጤት ቢመዘግብ በአንድ ሴሚስተር 1,500 ቁጥር በእጁ ይጽፋል። ወይም ሌሊት ላይ ላፕቶፕ ላይ ይሞላል። ስህተት ይፈጠራል። በጣም የተለመደው ደግሞ መስመር መሳት ነው። ማርክ ሊስቱ ላይ ዓይኑ አንድ መስመር ዝቅ ይላል፤ ከዚያ በታች ያለው ልጅ ሁሉ የጎረቤቱን ውጤት ይወርሳል። ሁለት አቤል ወይም ሁለት ሕይወት ያለበት ክፍልም ሌላው ወጥመድ ነው።

እኔ ይህንን ስህተት ሠርቻለሁ። ያወቀችብኝ አንዲት እናት ናት። ስድስቱንም ወረቀት በቅደም ተከተል አስተካክላ፣ በአንዲት ብጣሽ ወረቀት ደምራ መጣች። እንዲህ ነው ያለችኝ፦ «ቲቸር፣ እኔ ስደምረው 81 ይመጣል። ካርዱ ላይ 67 ነው። ምናልባት እኔ ጋ ያልደረሰ ወረቀት ይኖር ይሆን?» እንዴት ያለች ብልህ ሴት ናት! ስህተቱን በራሷ ላይ አስቀመጠችልኝ። ማርክ ሊስቱን አወጣሁ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። የእሷን ልጅ ብቻ ሳይሆን ከተራ ቁጥር 23 በታች ያሉትን ልጆች ሁሉ አስተካከልኩ። በዚያው ሳምንት ሌላ አባት «ልጄን አውቀህ ነው የጣልካት» እያለ እየጮኸ ገብቶ ነበር። የእሱ ልጅ ማርክ ግን ትክክል ነበር።

ከዚህ የሚወጣ ተግባራዊ ምክር አለ። ማርክ የሚጣራው ፈተናው በተመለሰበት ሳምንት ነው እንጂ በካርድ ቀን አይደለም። የሁሉም ትምህርት ውጤት ወደ ሮስተር ከገባ በኋላ ስም ጠሪው (የክፍሉ ኃላፊ መምህር) ይደምራል፣ አማካይ ያወጣል፣ ደረጃ ይሰጣል። አንዲት ቁጥር ስትቀየር አምስተኛ የነበረው ሦስተኛ ይሆናል፤ ሦስተኛ የነበረው ደግሞ ይወርዳል። የእሱ ወላጅ በተራው ይመጣል። ለዚህ ነው ካርድ ከተሰጠ በኋላ መምህር ማርክ ለመንካት የሚያቅማማው። ክፋት አይደለም፤ የሚከተለውን ትርምስ ስለሚያውቅ ነው። ስለዚህ የተመለሰ ወረቀት አትጣሉ። አንድ ክላሰር ገዝታችሁ እዚያ ውስጥ ክተቱት።

3. ትክክለኛውን ሰው ለዩ

የሒሳብ ማርክ ከሆነ የሒሳብ መምህሩን። ወንበር መቀየር፣ ከልጆች ጋር መጣላት፣ መቅረት፣ አጠቃላይ ጠባይ ከሆነ ስም ጠሪውን። ክፍያ፣ ሰርቪስ፣ ዩኒፎርም ከሆነ ቢሮ እንጂ መምህር አይመለከተውም። ስንቱን ወላጅ ስለ ሰርቪስ መኪና መዘግየት ስመልስ እንደኖርኩ አትጠይቁኝ።

4. ቀጠሮ ያዙ፤ በር ላይ አትያዙት

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ሊጀመር ሲል መምህሩን በር ላይ ማስቆም ትልቁ ስህተት ነው። ሃምሳ ልጅ እየጠበቀው ነው፤ ጥበቃው ያያል፣ ሌሎች ወላጆች ያያሉ፣ ተማሪዎቹ ጆሯቸውን አቁመዋል። ሰው ፊት የተያዘ ሰው ልክ ባይሆንም እንኳ አይሸነፍም። እናንተም ብትሆኑ አትሸነፉም።

ኮሙኒኬሽን ቡክ ላይ ወይም በስልክ መልእክት እንዲህ ጻፉ፦

«ሰላም መምህር። የ5ኛ ቢ ተማሪ የሆነችው የልጄ የአማርኛ የቤት ሥራ ጉዳይ ላይ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ላነጋግርዎ እፈልጋለሁ። ለእርስዎ የሚመች ቀንና ሰዓት ቢነግሩኝ እመጣለሁ። አመሰግናለሁ።»

ጉዳዩን መጥቀስ አትርሱ። «ላነጋግርዎ እፈልጋለሁ» ብቻ ተብሎ የተጻፈ መልእክት ለመምህር እንቅልፍ አይሰጥም። ምን አድርጌ ይሆን ሲል ያድርና በማግስቱ ጋሻውን አንግቦ ይመጣል። መምህሩ ክፍት ክፍለ ጊዜ አለው፤ አርባ ደቂቃ ስለሆነ ይበቃል። ሥራ ላይ ሆናችሁ መምጣት ካልቻላችሁ ደውሉ፤ ግን ምሽት 3 ሰዓት ላይ አይደለም። እሱም ቤቱ ልጅ አለው።

አንድ ሰው ወይም ሁለት ሰው ይሂድ። አባት፣ እናት፣ አክስትና የሰፈሩ አስታራቂ ሽማግሌ ተሰብስበው ሲገቡ መምህሩ የሚያየው ችሎት ነው። ሽምግልና ጥሩ ነገር ነው፤ የሚያስፈልገው ግን ሰው ከተጣላ በኋላ ነው። እናንተ ገና አልተጣላችሁም።

የክፍሉ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ደግሞ ምንም አትጻፉ። ምንም። «ሌላ ሰው ልጁ ላይ እንዲህ ደርሶበታል?» የምትል ንጹሕ የምትመስል ጥያቄ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰባ መልስ ታመጣለች። ግማሹ ከሌላ ክፍል ነው፣ ሩቡ የአምና ነው። ስክሪንሾቱ መምህሩ ስልክ ላይ ለመድረስ ከዚያ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል።

5. ንግግሩ

መጀመሪያ ሰላምታ። በእኛ አገር ሰላምታ ጊዜ ማባከን አይደለም፤ ሁለቱንም ያበርዳል። መምህሯ የ23 ዓመት ልጅ ብትሆንና እናንተ ሃምሳ ብትደፍኑ እንኳ «እርስዎ» በሉ። «አንቺ ልጅ» ብሎ የጀመረ ንግግር በሰላም ሲያልቅ አላየሁም።

ከዚያ አንድ ነገር ብቻ አንሱ። ሦስት ቅሬታ ይዞ የሚሄድ ወላጅ ለአንዱም መልስ ሳያገኝ ይመለሳል። የየትኛው ቀን እንደሆነ ጥቀሱ፣ ያያችሁትን ተናገሩ፣ ከዚያ ጠይቁ፦

«ባለፈው ማክሰኞ ልጄ ከክፍል እንደወጣ ነገረኝ። እኔ የሰማሁት ከእሱ ብቻ ነው። እርስዎ ጋ እንዴት ነበር?»

«የሰማሁት ከእሱ ብቻ ነው» የምትለዋን አትዝለሏት። በር የምትከፍተው እሷ ናት። መምህሩ ሲናገር አታቋርጡ፤ አንዳንዴ የምትሰሙት ልጃችሁን የማይመስል ልጅ ነው። ቤት ውስጥ ጭምት የሆነው ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የሚወጣ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ ቤት የሚያምሰው ክፍል ውስጥ አፉን የማይከፍት ሆኖ ይገኛል። ሁለቱም የእናንተው ልጅ ነው።

ከባዱ ነገር ይሉኝታ ነው። ወላጅ ከፍቶት ይመጣና መምህሩ ፈገግ ሲልለት «አይ፣ ምንም አይደለም፣ እንዲያው ሰላም ልልዎት ነው» ይላል። ቤቱ ገብቶ ይንገበገባል። መምህሩም እንደዚሁ ነው። «ጎበዝ ልጅ ነው፤ ትንሽ ብቻ ይረብሻል» ሲላችሁ «ትንሽ» የምትለዋ ከይሉኝታ የመጣች ናት። ያዟትና ጎትቷት። «ትንሽ ሲሉ በቀን ስንት ጊዜ ነው? በየትኛው ክፍለ ጊዜ?» በሉ። «ከምሳ በኋላ ብቻ» ካለ ልጁ ርቦት ወይም ደክሞት ይሆናል። «ከሰሌዳ ስናስገለብጥ» ካለ ደግሞ ዓይኑን አስመርምሩ። ይህንን የምለው ከልምድ ነው። ከኋላ ተቀምጦ የሚያወራ፣ የጎረቤቱን ደብተር የሚገለብጥ፣ በ«ረባሽነት» ስሙ የጠፋ ተማሪ ነበረኝ። መነጽር ሲደረግለት ረብሻው ቆመ። ሰሌዳው አይታየውም ነበር፤ እሱ ደግሞ ለሁሉም ሰው እንደዚያው የሚታይ ይመስለው ነበር።

በግል ትምህርት ቤት ያላችሁ ወላጆች፣ «እኔ እኮ የምከፍለው…» የምትል ዓረፍተ ነገር ወደ አፋችሁ ስትመጣ ዋጧት። የምትከፍሉት ብር መምህሩ ኪስ ውስጥ እንደማይገባ እሱ ከእናንተ በላይ ያውቃል። በመንግሥት ትምህርት ቤት ያላችሁ ደግሞ፣ በተለይ «እኔ አልተማርኩም፣ ምን ብዬ ልናገር» የምትሉ፦ መምህሩ የእናንተን ልጅ በቀን አርባ ደቂቃ ነው የሚያየው፣ እሱም ከሃምሳ ልጆች ጋር። እናንተ ስለ ልጁ የምታውቁትን እሱ አያውቅም። ማታ እንደማይተኛ፣ አባቱ ሥራ እንደለቀቀ፣ እናቱ አረብ አገር እንደሄደች እናንተ ካልነገራችሁት ከየት ያምጣው?

መምህሩ ልጁን ክፍል ፊት «ደደብ» ብሎ ሰድቦት ከሆነስ? ይህንንም ለራሱ ንገሩት፣ ሳታለዝቡ። «ልጄ ይህን ቃል ሰምቶ መጥቷል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እጁን አያወጣም። እንዲደገም አልፈልግም።» ብላችሁ ዝም በሉ። መልሱን ጠብቁ። ብዙ መምህር እዚህ ላይ ያፍራል። ከተማሪዎቼ አንዷን አንድ ቀን ተናድጄ የማይገባ ቃል ተናግሬያት፣ አባቷ ልክ እንዲህ አድርጎ ነገረኝ። ድምፁን አልጨመረም። ከዚያ በኋላ ያንን ቃል ክፍል ውስጥ አልተጠቀምኩትም።

6. አንድ ነገርና አንድ ቀን ተስማሙ

«እሺ እንከታተለዋለን» ብሎ መለያየት ምንም አለመስማማት ነው። የሚደረገው ነገር ይታወቅ። ልጁ ወደ ፊት ወንበር ይምጣ። አርብ አርብ መምህሯ ኮሙኒኬሽን ቡክ ላይ አንድ መስመር ትጻፍ፣ እናንተ ቅዳሜ አይታችሁ ፈርሙ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በስልክ አምስት ደቂቃ ተነጋገሩ። ከስብሰባው ስትወጡ የተስማማችሁበትን በአጭር መልእክት ላኩላቸው፦ «ስላነጋገሩኝ አመሰግናለሁ። ፊት እንደሚቀመጥና እኔም የቤት ሥራውን በየቀኑ እንደምከታተል ተነጋግረናል።» ይህች መልእክት ትሕትና ናት፤ ነገሩ ወደ ፊት ቢካረር ደግሞ ማስረጃ ናት።

7. መምህሩን ቀድሞ ማነጋገር የማይሠራበት ጉዳይ

ዱላ። ኩርኩም፣ ልምጭ፣ ጥፊ፣ ጠጠር ላይ ማንበርከክ። «እኛም ተመትተን ነው ያደግነው» የሚል ወላጅ አሁንም አለ፤ አንዳንዱ ራሱ «ይቅጡልኝ» ብሎ ይፈቅዳል። እኔም ተመትቼ አድጌያለሁ፤ የማስታውሰው ልምጩን ነው እንጂ ትምህርቱን አይደለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት የመጠበቅ መብት እንዳላቸው በግልጽ ይናገራል። ስለዚህ የወላጅ ፈቃድም ሆነ የመምህሩ ቁጣ ነገሩን ሕጋዊ አያደርገውም።

እዚህ ላይ አንድ ሌሊት አይታደርም፣ ቀጠሮም አይያዝም። በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ጠዋት በቀጥታ ወደ ርዕሰ መምህሩ ሂዱ። ምልክት ካለ በስልክ ፎቶ አንሱ። ጉዳት ካለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል አሳዩና የሕክምና ወረቀቱን ያዙ፤ ከባድ ከሆነ ፖሊስ ጋ የሕፃናትን ጉዳይ የሚይዝ ክፍል አለ። ከዱላም የከፋ፣ ልጅን የማይገባ ቦታ መንካት የመሰለ ነገር ከሰማችሁ ደግሞ ወደ ትምህርት ቤቱ ከመሄዳችሁ በፊት ሕክምናና ፖሊስ ይቅደም። ልጁን አታጥቡት፣ ልብሱንም አታጥቡ። «በሽማግሌ እንጨርሰው» የሚላችሁ ሰው ከመጣ በሩን አሳዩት።

8. ለመምህሩ ነግራችሁ ምንም ካልተለወጠ

ሁለት ሳምንት ጠብቃችሁ፣ አንድ ጊዜ አስታውሳችሁ፣ ለውጥ ከሌለ ወደ ላይ ውጡ። ከመውጣታችሁ በፊት ግን ለመምህሩ «ጉዳዩን ለምክትል ርዕሰ መምህሩ ላቀርብ ነው» ብላችሁ ንገሩት። ይህ ማስፈራራት አይደለም፤ ከኋላው አለመሄድ ነው። ደግሞ አንዳንዴ ይህ ብቻ ነገሩን ያስተካክለዋል።

ደረጃው እንዲህ ነው። ዩኒት ሊደር ካለ እሱ ጋ፣ ከዚያ ምክትል ርዕሰ መምህር፣ ከዚያ ርዕሰ መምህር። ከዚያ ወተመህ። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱን ብዙ ወላጅ የሚያስታውሰው መዋጮ ሲጠየቅ ብቻ ነው፤ ግን እንዲህ ያለው አለመግባባት የሚታይበትም ቦታ ነው። የወላጅ ተወካዩ ማን እንደሆነ በመስከረም ጠይቃችሁ ስልኩን ያዙ። ከትምህርት ቤቱ ውጭ ሱፐርቫይዘሩ አለ፣ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አለ፣ በላዩ ክፍለ ከተማው፣ ከዚያም ትምህርት ቢሮው። የግል ትምህርት ቤት ከሆነ ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ቅሬታ ይቀበላል።

ከርዕሰ መምህሩ ጀምሮ በጽሑፍ ይሁን። አንድ ገጽ ይበቃል። ቀን፣ ለማን እንደተጻፈ፣ «ጉዳዩ፦»፣ ምን እንደሆነና መቼ፣ ከመምህሩ ጋር መቼ ተነጋግራችሁ ምን እንደተስማማችሁ፣ አሁን ምን እንዲደረግ እንደምትፈልጉ። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። አምስት ገጽ ብሶት ጽፎ ምን እንደሚፈልግ ያልተናገረ ደብዳቤ መልሱ «ይታያል» ነው። በሁለት ቅጂ አዘጋጁት፣ አንዱን አስገቡ፣ ሌላው ላይ ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀን አስጽፋችሁ ወደ ቤት ይዛችሁ ሂዱ። መዝገብ ቤት ቁጥር ያልተሰጠው ደብዳቤ እንዳልተጻፈ ነው።

ሴክሽን ማስቀየርስ? ይቻላል፤ ግን ልጁን ጠይቁት። ጓደኞቹን ትቶ መሄድ ከመምህሩ በላይ ሊከብደው ይችላል። አዲሱ መምህርም «ከእገሌ ክፍል የመጣው» ብሎ ነው የሚቀበለው። በሁለተኛው ሴሚስተር መጀመሪያ ላይ ቢሆን ይሻላል።

ስለ ማስጠናት አንድ ነገር

ይህ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ክፍል ውስጥ የሚያስተምረው መምህር «ልጅዎ ይደክማል፣ ከሰዓት በኋላ እኔ ላስጠናው» ሲላችሁ ምን ትላላችሁ? እሺ ካላችሁ ማርኩ ከፍ ሲል ስለተማረ ይሁን ስለከፈላችሁ አታውቁም። እምቢ ካላችሁ ማርኩ ዝቅ ሲል ትጠረጥራላችሁ። በሁለቱም መንገድ እምነት ይሞታል። እኔ ስጠየቅ ሌላ ሰው እጠቁም ነበር፤ ገንዘቡ ያስፈልገኝ ነበር፣ አልዋሽም። እናንተ «አመሰግናለሁ፣ የሚያስጠናው ዘመድ አለው፤ የትኛው ምዕራፍ ላይ እንደሚደክም ብቻ ይንገሩኝ» በሉ። ቅር ሳያሰኝ ያልፋል።

ውጭ አገር ላላችሁ

አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት፣ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ማለት ነው፣ እንግሊዝኛ ለማይችል ወላጅ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። መሠረቱ እ.ኤ.አ. የ1964 የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ አማርኛ በከተማው የቋንቋ ሕግ ከተሸፈኑት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ስለዚህ «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ብላችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ክፍያ የለውም። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት። የተከሰሰው እሱ፣ የሚተረጉመው እሱ! «ሚስ ጎበዝ ነው እያለችሽ ነው» ይላችኋል።

ሌላም ነገር አለ። እኛ ልጆቻችንን ትልቅ ሰው ሲቆጣቸው አንገታቸውን እንዲደፉ ነው ያሳደግናቸው። እዚያ መምህሯ ዓይኗን የማያይ ልጅ ስታይ «እየዋሸ ነው» ወይም «እየናቀኝ ነው» ልትል ትችላለች። በመጀመሪያው የወላጅ ስብሰባ ላይ ይህችን ነገር ንገሯት። እሷም «አላውቅም ነበር» ትላለች፤ አታውቅም ነበርና።

9. ነገሩ ሲያልቅ

ለልጁ ንገሩት። ምን እንደተስማማችሁ፣ ከእሱ ምን እንደሚጠበቅ፣ ከቲቸር ምን እንደሚጠበቅ። «አሸነፍናት» በሚል ድምፅ አይሁን። ቲቸር እየሰማችው ቢሆን በምትናገሩበት ድምፅ ይሁን።

ነገሩ ከተስተካከለ ደግሞ በወሩ ኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይ አንድ መስመር ጻፉ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ብዙ የወላጅ ማስታወሻ ደርሶኛል፤ ሁሉም ማለት ይቻላል ቅሬታ ነው። ያቺ 81 ደምራ የመጣችው እናት ግን በሰኔ አንዲት ብጣሽ ላከችልኝ፦ «ቲቸር፣ ልጄ ሒሳብ መሥራት ወዳለች። እግዜር ይስጥልኝ።» ወረቀቷ እስካሁን ማርክ ሊስት የምይዝበት አሮጌ ክላሰር ውስጥ አለች።